እናቴን የተቀበሏት ድምፆች

እናቴ ዘፋኝ አይደለችም። ዘፋኝ ያላት ሰው ካለ ታኮርፈዋለች፣ ኩርፊያዋ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። እናቴ አውጪ ናት። ሰርግ ቤት ውስጥ አንዷ ግጥሙን ታወጣለች፣ የቀሩት እያጨበጨቡ ይቀበሏታል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ቢሮ ውስጥ ሳስረዳ «እ፣ ዋናዋ ድምፃዊት ማለትሽ ነው?» ይሉኛል። አይደለም አቦ! ዋና ድምፃዊት መድረክ ላይ ብቻዋን ትቆማለች። አውጪ ተቀባይ ከሌላት ምንም አይደለችም። እናቴ ልብስ ስታጥብ ወይ ሽንኩርት ስትከትፍ ስታንጎራጉር ሰምቼ አላውቅም። አንዴ ለምን እንደሆነ ብጠይቃት «ለማን ላውጣው?» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ያደግኩት ከጉርድ ሾላ ጀርባ ነው። ሰፈሩ ከተማ ከመሆኑ በፊት እርሻ ነበር። ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን የዚያው መሬት ልጆች ናቸው፤ አባቶቻቸው ጤፍ ይዘሩበት የነበረው ቦታ ላይ ቤት ሠርተው የቀሩ። ቤታቸው ኦሮምኛ ይወራል፣ ከኛ ጋር አማርኛ፣ ሲናደዱ ሁለቱም። የዚያ ቤት እመቤት የእናቴ አበልጅ ናት፤ ሴት ልጇን ክርስትና ያነሳቻት እናቴ ናት። ሁለቱ ባሉበት ሰርግ ላይ ዲጄ ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም። እናቴ ታወጣለች፣ አበልጇ ከተቀባዮቹ ፊት ቆማ ጭብጨባውን ትመራለች፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ከኋላቸው ነው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ዘፈኑ ሲሞቅ እናቴ ከተቀባዮቹ አንዷን በግጥም ትነካለች። የተነካችው ዝም ብላ መቀበል አይፈቀድላትም፤ ዘፈኑን አቋርጣ መልስ መስጠት አለባት፣ መልስ ካጣች እልል ብላ ትሸነፋለች። አበልጇን ሁልጊዜ የምትነካት በጠላዋ ነበር።

አበልጄ ጠላ ጠምቃ ጠራችን፣
ውሃ አጠጥታ ነው የሸኘችን።

ይሄኔ አበልጇ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ሶባ! ሶባ!» እያለች ትጮሃለች። በኦሮምኛ ውሸት ነው ማለቷ ነው። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ያው ግጥም፣ ያው መልስ፣ በየሰርጉ። ግን አንድም ቀን አልሰለቸንም፤ አበልጇ አንዴ ከልቧ ተቆጥታ ትመልሳለች፣ አንዴ ሳቋ ቀድሟት አፏን በነጠላዋ ትይዛለች፣ አንዴ ጣሳውን ይዛ መጥታ «እስቲ ቅመሺው!» ትላታለች። እናቴ የምትዘፍነው ለዚያች ቅጽበት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። እዚህ ላይ ብዙ አላወራም፤ ስለ መፍረስ ሁሉም የራሱ ታሪክ አለው፣ የኔ ከማንም አይብስም። እኛ ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ገባን፣ አራተኛ ፎቅ። አበልጇ ከልጆቿ ጋር በሌላ አቅጣጫ ሄደች፣ የቀሩት እንደ ተደፋ ምስር ተበተኑ። በገባን በዓመቱ እናቴ መብራት የሌለው ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ድና ቤት ውስጥ በከዘራ ትንቀሳቀሳለች፤ ደረጃ ግን አከተመለት። በወንበር ተሸክመን እናውርድሽ ስንላት «ሬሳ ነኝ እንዴ? ስሞት ታወርዱኛላችሁ» አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ያኔ ነው የክርስትና ልጇ የታጨችው። ልጅቷ ሕፃን ሳለች እናቴ አቅፋት «ያንቺን ሰርግ የማወጣው እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አፉን ቢከፍት ወየውለት» ትላት ነበር። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ሽማግሌ መላኩን የነገረቻት አበልጇ ናት፣ በስልክ። እናቴ «እልልል!» ብላ ስልኩን ዘጋችና ለረጅም ጊዜ መስኮቱን እያየች ተቀመጠች። ከመስኮቱ የሚታየው ሌላ ኮንዶሚኒየም ነው።

እኔ የምሠራው ቦሌ ነው፤ ሰዎች በያሉበት ሆነው በስልካቸው አብረው ሙዚቃ እንዲሠሩ የሚያደርግ አፕ በሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ። ኮድ አልጽፍም። የኔ ሥራ ሰው እንዴት እንደሚጠቀምበት መንደፍ ነው፤ የቱ ቁልፍ የት ይቀመጥ፣ ስልኩ ሰውን ምን ብሎ ያናግር፣ አዛውንት ሳይደናገጡ እንዴት ይግቡ፣ እንዲህ ያለ ነገር። አለቃችን ለሙከራ የሚሆን እውነተኛ ቡድን ሲፈልግ «አለኝ» አልኩ። ስለ አፑ አልነበረም የማስበው። እናቴን ነበር። በዚህ ከተማ ውስጥ የኔ ሙያ ለአንድ ሰው እንኳ ይጠቅም እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።

በየቤቱ እየዞርኩ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ኢምፔሪያል ጋ ታክሲ ውስጥ ተቀርቅሬ ያሳለፍኩትን ጊዜ ባስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። አፑ አንድ ዘፈን ሲቀመጥ የደራሲውን ስም ይጠይቅ ነበር፣ ያለዚያ አያስቀምጥም። አበልጇን «ይህን ግጥም የገጠመው ማነው?» ብላት «እንዴ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? የኛ ነዋ» አለችኝ። «የማናችሁ?» ብላት ያመመኝ ይመስል ግንባሬን ነካችኝ። በመጨረሻ ቦታው ላይ «ጉርድ ሾላ» ብዬ ሞላሁት። ቢሮ ሲያዩት ሳቁ፣ እኔ ግን ከዚያ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

እናቴ ሰርጉን ከቤቷ ሆና እንድታወጣ በየእሑዱ በስልክ ልንለማመድ ተቀጣጠርን። የመጀመሪያው እሑድ ጉድ ሆነ። እናቴ ሶፋው ላይ ሆና አወጣች፣ እኔ አጠገቧ። ችግሩ ይኸውላችሁ፦ ተቀባይ አውጪዋ እስክትጨርስ አይጠብቅም። የስንኙን ጫፍ ከአፏ ነጥቆ ነው የሚነሳው። በስልክ ደግሞ ድምፅ ሄዶ እስኪመለስ ይዘገያል፤ ለወሬ ምንም አይደለም፣ ለዘፈን ግን መርዝ ነው። እናቴ ጨርሳ ባዶ ሆነባት። መልሱ እስኪደርስ ቀነስ አደረገች። እነሱ ደግሞ መቀነሷን ሰምተው እነሱም ቀነሱ። እሷ የነሱን ሰምታ ይበልጥ ቀነሰች። እየጎተተ፣ እየጎተተ፣ የሰርግ ዘፈኑ ለቅሶ ሆኖ አረፈው። ጭብጨባው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ተበታተነ። አበልጇ ከዚያ ማዶ «ኧረ ምን ሆነሽ ነው፣ አሞሻል እንዴ?» አለች። እናቴ ስልኩን ለኔ ሰጥታ «ገደል ውስጥ ነው እንዴ ያስቀመጥሻቸው?» አለችኝ።

ቢሮ ሄጄ አለቀስኩ፤ ማልቀሴን አልደብቅም። ኮዱን የሚጽፈው ባልደረባዬ መላ አገኘ። የእያንዳንዷን ተቀባይ ድምፅና ጭብጨባ አስቀድመን እንቅዳ አለ። ስልኩ የእናቴን ምት ይዞ መቼ እንደሚቀበሏት ይገምትና የተቀዳውን ሳይዘገይ ያሰማታል። እውነተኛው ድምፅ ሲደርስ ከሥሩ ይገባል። ኔትወርክ ቢቆራረጥ እንኳ ዘፈኑ አይቆምም። «ታዲያ እውነተኞቹ ባይኖሩስ?» አልኩት። «ለምን አይኖሩም?» አለ። እንዲያውም ተከራከርኩ። ይህ መቀበል አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው አልኩ። ማንም አልሰማኝም፣ አለቃችን በተለይ። አፑ ሲሠራ ሲያዩት ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም የሰርጉ ቀን እየቀረበ ነበርና ዝም አልኩ።

ደግሞም ሠራ፤ ምን ልበል። የመጀመሪያዎቹ እሑዶች ሁሉም ነበሩ። እናቴ አወጣች፣ ጫፉን ከአፏ ነጠቁት። ፊቷን ብታዩት! ከዘራዋን ወለሉ ላይ እየመታች፣ ትከሻዋ ሁሉ ሲነቃ። አበልጇን በጠላዋ ስትነካት ትንሽ ዘግየት ብሎም ቢሆን «ሶባ! ሶባ!» የሚለው ጩኸት መጣ። እናቴ እስክታነባ ሳቀች። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በሩን አንኳኩቶ ምን ተገኘ ብሎ ጠየቀ። ከሰፈሩ መፍረስ ወዲህ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም።

ከዚያ ቀስ በቀስ መቅረት ጀመሩ። እናቴ አላወቀችም። እኔ ያወቅኩት ሥራዬ ስለሆነ ነው፤ ማን እንደገባና ማን እንዳልገባ ስልኬ ላይ ይታየኛል። አንድ እሑድ አንዷ ቀረች፣ በሌላው ሁለቱ። አንድ ቀን እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እንደ ድሮዋ እያወጣች፣ ስልኩም እየተቀበላት፣ የኔ ስልክ ላይ የሚታየው የሷ ስም ብቻ ነበር። ሌላ ማንም የለም። እሷ ትዘፍናለች፣ እኔ ስልኬን አያለሁ። የዚያን ቀን አበልጇን አልነካቻትም፣ ጉሮሮዋን ስለከረከራት ቶሎ ጨረሰች። «ዛሬ እንዴት ያለ አቀባበል ነበር!» አለችኝ።

በማግስቱ አበልጇ ጋ ሄድኩ። ልቆጣት ነበር የሄድኩት፤ ግን እርሷን መቆጣት አይቻልም፣ ገና በሩ ላይ ጉንጬን ስማ ትጨርሰኛለች። «እትዬ፣ እሑድ ለምን ቀሩ?» አልኳት።

«የት ቀረሁ?»

«ዘፈኑ ላይ። እማዬ ስታወጣ አልነበሩም።»

ግራ ተጋብታ አየችኝ። «ድምፄ አለ አይደል እንዴ? ራስሽ አይደለሽ የቀዳሽው? ለቅሶ መድረስ ሲያቅተኝ ልጄን እልክ የለ? ይኸው ድምፄን ልኬያለሁ። ምነው፣ አልደረሰም?»

ደርሷል አልኩ። ለክፋት አልነበረም። ሌሎቹም ያሉኝ ያንኑ ነው። አንዷ እንዲያውም «ለናትሽ የኔን ድምፅ ከፍ አድርጊላት፣ አታሳፍሪኝ» አለችኝ። እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚል ነገር ሠራን፤ እነሱ ግን ውክልና አድርገው ተረዱት። ሰው ወደ ለቅሶ ድንኳን ሰው እንደሚልክ፣ ድምፃቸውን ወክለው ልከው እነሱ ወደ ኑሯቸው ሄዱ። ኑሮ ደግሞ አለ፤ የልጅ ልጅ ይጠበቃል፣ ውሃ በተራ ይቀዳል፣ ለሰርጉ በርበሬ ይቀነጠሳል። አበልጇን «ለሰርጉ ቀን ግን ራስዎ ይሁኑ፣ እባክዎ፣ ማልዳችሁ ሙሽሪትን ስታለብሱ ስልኩን ክፈቱና ሁላችሁም ተቀበሏት» አልኳት። «ኧረ እንዴታ! ያለ እናትሽ ሰርግ አለ?» ብላ ደረቷን መታች። አመንኳት። ያን ጊዜ እሷም ራሷን አምናለች።

ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ?

የሰርጉ ቀን እናቴ ገና ሳይነጋ ታጥባ ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ተቀምጣለች። ጥለቱ ቀይ ነው፣ ራሷን በዚያው ቀለም ሻሽ አሥራለች። ከንፈሯን ቅባት ቀብቼላታለሁ። ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ፊቷ አቆምኩት። «ተሰብስበዋል?» አለችኝ። ስልኬን አየሁ። ማንም አልገባም። «እየገቡ ነው» አልኩ። ያን ሰዓት እዚያ ቤት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ፀጉር ሠሪዋ ዘግይታ፣ ካሜራ የያዘው ሰው ሁሉንም እየገፋ፣ መኪናው መጣ አልመጣ እየተባለ፣ ስልኮቹ ሁሉ ቻርጅ ላይ። ደወልኩ። አይነሳም። እንደገና ደወልኩ። እናቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ አወጣች።

ተቀበሏት። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዴት እንደተቀበሏት! ሙሉ፣ ደማቅ፣ ጭብጨባው አንድ ላይ፣ አንዳች ዝንፍ ሳይል። እናቴ ቀና ብላ ሙሽሪትን አወደሰች፣ ሙሽራውን አወደሰች፣ የሞተውን የሙሽሪትን አባት አንስታ ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። እኔ አሁንም እየደወልኩ ነው። ከዚያ ዘፈኑ ሲሞቅ ፈገግ ስትል አየኋትና የሚመጣውን አወቅሁት። ልከለክላት ፈልጌ ነበር። በምን አፌ?

አበልጄ ጠላ ጠምቃ ጠራችን፣
ውሃ አጠጥታ ነው የሸኘችን።

ብላ አፏን በመዳፏ ሸፍና ጠበቀች። ተቀባዮቹ ያለ አንዳች ስህተት ተቀበሏት። ጭብጨባው ቀጠለ። «ሶባ» የለም። እናቴ መልሱ ያልተሰማት መስሏት ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠግታ ያንኑ ደገመችው፣ ጠንከር አድርጋ። ያንኑ ያህል ደስ ብሏቸው ተቀበሏት።

ከዚያ ዝም አለች። ስንኙን ጀምራ መሐል ላይ አቆመችው። ስልኩ ምቱን ይዟልና ጊዜው ሲደርስ ያልወጣውን ስንኝ ተቀበለ። እንደገና ዝም አለች፣ እንደገና ተቀበለ። የአበልጇ ድምፅ ከፊት፣ የቀሩት ከኋላ፣ እልልታው ቦታ ቦታውን ይዞ።

«እኔ እኮ ምንም አላልኩም» አለች።

«እማዬ…»

«ምንም አላልኩም። ምኑን ነው የሚቀበሉት?»

ላጠፋው እጄን ስዘረጋ እጄን ያዘችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ተያቸው» አለች፤ «ሰርግ ነው፣ ይጨርሱ።» እና ሁለታችን ሶፋው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ማንም ሳያወጣ የሚቀበሉትን ሰዎች ሰማን። ራሱ እስኪያቆም ድረስ ሰማናቸው።

ከሰዓት በኋላ አበልጇ ደወለች። ከጀርባዋ ሙዚቃው ያደነቁራል፣ ሰርጉ አዳራሽ ውስጥ ነው። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ሰጠኋት። «አበልጄ! አኮራሽኝ!» ትላለች፤ «ዲጄው ያለፈውን እሑድ ዘፈንሽን ከስልኬ አውጥቶ በትልቁ ስፒከር ለቀቀው! እኛም ስንቀበልሽ ይሰማል! ሙሽሪት አለቀሰች! ልክ እዚህ ያለሽ ነው የሚመስለው!»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለች እናቴ።

«ጠዋት ልገባ ነበር፣ ሰው ወጠረኝ፣ ስልኬም የት እንደገባ…»

«ግድ የለም።» ከዚያም ሳትዘፍነው፣ እንደ ወሬ ብቻ፣ «አበልጄ ጠላ ጠምቃ ጠራችን፣ ውሃ አጠጥታ ነው የሸኘችን» አለቻት። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች።

«አቤት? አይሰማኝም! ሙዚቃው! ኋላ እደውልልሻለሁ እሺ? ሳሚልኝ ልጅሽን!» ተዘጋ።

እናቴ ሻሿን ፈታች። ቀሚሱን እንዳወልቅላት ጀርባዋን ሰጠችኝ። ዚፑ ተይዞ ነበርና ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ አውጥታ አታውቅም፣ እኔም አውጪ ብዬ አልለመንኳትም። ቢሮ ግን ሙከራው ተሳክቷል ተብሏል። የኛ ቡድን ለእንግዳ ሁሉ የሚታይ ምሳሌ ሆኗል። አለቃችን ሲያስጎበኝ የጉርድ ሾላን ሴቶች ድምፅ ይከፍታል፣ እንግዶቹም ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። እኔ ይሄኔ ሽንት ቤት እሄዳለሁ።

አፑን ከስልኳ ላይ ላጠፋው ስል ድምፆቹም አብረው ይጠፉ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያው ተይው» አለች። ስለዚህ እሑድ ሲመጣ፣ ዘፈኑ በሚጀመርበት ሰዓት፣ ስልኳ አሁንም ይጮሃል። እዚያ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ቃላቱን መርጬ፣ አዛውንትን እንዳያስደነግጥ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ጎረቤቶችዎ እየጠበቁዎት ነው» ይላል። እናቴ ያለ መነጽር ማንበብ አትችልም።

«ምን ይላል?» ትለኛለች ስልኩን እያቀበለችኝ።

«ካርድ ሙዪ ነው የሚልሽ» እላታለሁ።